ዓይን የምንቆጥርበት ቤት

ልጅ ሳለሁ ክፉ ሰው በዓይኑ ቁጥር ይለይ ነበር። ሁለት ዓይን ያለው ደግ፣ አንድ ዓይን ያለው ክፉ፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ይህን ያስተማሩን አለቃ መንበሩ የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ፤ ከመካነ ሰላም ጀምሮ እስከ ደጎሎ ድረስ የአብያተ ክርስቲያናትን ግድግዳ ሲሥሉ ያረጁ፣ ጥፍራቸው ከቀለም ጸድቶ የማያውቅ ሽማግሌ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ፊቱን ወደ እኛ መልሶ፣ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል። ኃጢአተኛው ግን በጎን ይሣላል፤ ስለዚህ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የቆየ ሕግ ነው። ከሕጉ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከሌላ ጋር ነው፤ እደርስበታለሁ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው መልአክ ግን ያን ዕለት ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁጡ ነኝ። አሁን የማወራው ነገር ስንት ዓመት አልፎታል፤ ሳስታውሰው ዛሬም እስከ ጆሮዬ ድረስ ያግለኛል።

እናቴ ሙሉነሽ ዓረብ አገር የሄደችው እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የሰው ልብስ እያጠበች፣ በገበያ ቀን ሽንኩርት እየቸረቸረች ሞክራ ነበር፤ አልሆነም። ያኔ በእኛ ሰፈር ከየቤቱ አንዲት ሴት ወይ ሄዳለች፣ ወይ ለመሄድ ፓስፖርት ትጠብቃለች። ደላላው በክርስቲያን ስም ከሄድሽ የሚቀበልሽ ቤት ጥቂት ነው፣ ስምሽን ቀይሪ፣ ጥቁር ልብስ ልበሺ አላት። ከእሷ በፊት የሄዱትም ብዙዎቹ ያደረጉት ነው። ሙሉነሽ ፓስፖርቷ ላይ ሰዓዳ ሆነች። ስሙንም ጥቁሩንም ልብስ የሰጠቻት፣ ሻሽ አስተሳሰሩንም ያሳየቻት ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ ናት፤ የእኛንና የእሷን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ሰላምታውን ማስተማር አላስፈለጋትም። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑም በዚያው ነው ሰላም የሚባባለው።

በሄደችበት ጠዋት እናቴ ማተቧን ከአንገቷ ማውጣት ነበረባት። ቋጠሮው ከላብና ከዘመን ብዛት ጠጥሮ ጠጠር ሆኗል። መቀስ ላምጣ ብዬ ብነሣ እናቴ ታይቶ በማይታወቅ ቁጣ ጮኸችብኝ፤ ማተብ አይቆረጥም አለች። በእኛ አገር ማተቡን በጠሰ ማለት ሃይማኖቱን ካደ ማለት ነው፤ በእጅም ተበጠሰ በመቀስ ለእሷ ያው ነበር። እትዬ ፋጡማ ከኋላዋ ተቀምጣ በጥፍሯ ሞከረች፣ አቃታት። በመጨረሻ ጎንበስ ብላ፣ እናቴ አንገት ላይ አፏን ገጥማ፣ በጥርሷ ፈታችው። ቢስሚላህ ብላ ነው የጀመረችው፤ እናቴ ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ከዚያ ክሩን ከራሴ ማተብ በላይ እኔ አንገት ላይ አሰረችው።

«እስክመጣ ያዢልኝ። እንዳይበጠስ።»

ሻንጣዋ ከሌላ ሰው ሻንጣ ጋር እንዳይቀየርባት የአሮጌ ቀይ ቀሚሴን ቅዳጅ እጀታው ላይ አስራበት ነበር። ወደ መናኸሪያ ስንወርድ የአለቃን ደጅ ማለፍ ነበረብን። አለቃ ወጥተው ቆመው ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩዋት፣ ጥቁሩን ልብስ፣ ባዶውን አንገቷን፣ ሻንጣውን አዩ፤ «እግዚአብሔር ይከተልሽ» አሉና ገቡ። የሻንጣውን አንድ ጎን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ። ያችን ቀይ ቅዳጅ አትርሱብኝ።

እኔ እትዬ ፋጡማ ዘንድ ቀረሁ። እሷም ብቻዋን ነበረች፤ የነበራት አንዲት ልጅ በሕፃንነቷ ሞታባታለች። ወሎ ውስጥ ሥጋ ሃይማኖት አለው፤ እስላሙ እስላም ያረደውን፣ ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን ነው የሚበላው፤ ሌላው ሌላው ሁሉ አንድ ገበታ ነው። እትዬ ፋጡማ ለፋሲካ ዶሮ ገዝታ፣ ከታች ሰፈር ክርስቲያን ጎረቤት ለምና በስመ አብ ታሳርድልኛለች፤ ከዚያ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ትሠራልኛለች። ድስቱ «የትዕግሥት ድስት» ይባል ነበር፤ ለሌላ ነገር አይነካም። በሁዳዴ ጾም ቅቤ የነካው ሽሮ በስሕተት እንዳልቀምስ ከእኔ ይልቅ እሷ ትጠነቀቅ ነበር። ተረት ይወራል፣ ስለ ሃይማኖትም ይነገራል ሲባል ሰምታ ወደ አለቃ ቤት የላከችኝም እሷ ናት። የራሴን እንጂ ያንቺን አላውቅም፣ ከሚያውቅ ሰው ተማሪ፣ አደራ አለብኝ አለችኝ። እንግዲህ የክርስትናዬን ተረት እንድሰማ የላከችኝ አንዲት እስላም ናት። ይህንንም አትርሱ።

የአለቃ ቤት አንዲት ክፍል ነበረች፤ ግማሿ መኝታቸው፣ ግማሿ ሥራ ቤታቸው። ከቆዳ የሚያፈሉት ሙጫ ሁልጊዜ በፍም ላይ ስለሚሰነብት ቤቱ እንደ ቆዳ ፋቂ ቤት ይሸታል፤ የባሕር ዛፉ ጭስ ሽታውን ባይሸፍነው ኖሮ የሚቻል አልነበረም። ያኔ መብራት በመጣበት ፍጥነት የሚሄድ ነገር ስለነበር አለቃ እሱን አይጠብቁም፤ ፋኖስ ነው የሚያበሩት። ከቤተ ክርስቲያን ሥራ የተረፈች አቡጀዲ ብትኖር ይሰፏታል፣ ረጅም አድርገው ይቀጥሏታል፣ ተረት ይሥሉባታል። ሁለቱን ጫፍ በሁለት ዱላ ላይ ጠቅልለው፣ ከአንዱ እየፈቱ በሌላው እየጠቀለሉ፣ ተረቱ ሲሄድ ሥዕሉም አብሮ ይሄዳል። ፋኖሱን በየተራ እኛ ልጆች እንይዛለን። ብርሃኑ የሚደርሰው እየተነገረ ባለው ሥዕል ላይ ብቻ ነው፤ ያለፈው ጨለማ፣ የሚመጣው ጨለማ።

ምን ልዋሽ፣ ድንቅ ተራኪ ነበሩ። አሁንም ድረስ የማወራት አንዲት ተረታቸው አለች። በድርቅ ዘመን አንድ ገበሬ «ጌታ ሆይ ለእኔ ማሳ ዝናብ ስጥ» ብሎ ጸለየ፤ «ለእኔ» ነው ያለው፣ «ለእኛ» አላለም። እግዚአብሔርም እንዳፉ አደረገለት፣ በእሱ ማሳ ላይ ብቻ ዘነበ። ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ተንዠረገገ። ታዲያ በአገሩ ሌላ አረንጓዴ ስለሌለ የአገሩ ወፍ ሁሉ፣ የአገሩ አንበጣ ሁሉ፣ የተራበ ከብት ሁሉ በዚያች በአንዲት ማሳ ላይ ወረደ። አለቃ የወፎቹን መንጋ በጣታቸው ጫፍ ቀለም እየነከሩ ነጠብጣብ አድርገው ነበር የሣሉት፤ ፋኖሱ ሲወዛወዝ ወፎቹ የሚበሩ ይመስላሉ። ገበሬው መጀመሪያው ላይ በአንድ ዓይን ነው የተሣለው። በመጨረሻ በጎረቤቶቹ መካከል ተንበርክኮ «ለእኛ» ሲል ግን ፊቱ ወደ እኛ ተመልሷል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። እኔ ያኔ ከዚህ የበለጠ ስብከት አልሰማሁም፤ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም።

የእኛ ጨዋታ ደግሞ ዓይን መቁጠር ነበር። አለቃ አዲስ ሥዕል ሲዘረጉ ተረቱ ገና ሳይጀመር ማን ክፉ እንደሆነ ለማወቅ እንሽቀዳደማለን። ቀድሞ ያገኘው «አንድ ዓይና!» ብሎ ይጮኻል፣ ሌሎቻችን እንከተላለን። አለቃ ይስቃሉ፤ ዝም በሉ እስቲ ጥፋቱን ሳትሰሙ አትፍረዱ ይሉናል። ይህን የሚሉት እሳቸው ናቸው እንግዲህ።

አንድ የሁዳዴ ምሽት አዲስ አቡጀዲ ዘረጉ። ፋኖሱን የያዘው ሀብታሙ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነበር። ጥቁር የለበሰች ሴት በጎን ተሥላ ታየች፤ ፊቷ ወደ መኪና፣ ጀርባዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ቀድማ «አንድ ዓይና!» ብላ የጮኸችው እኔ ነኝ። ሁሉም ተከተሉኝ፣ ቤቱ ተናጋ። ሀብታሙ ፋኖሱን ዝቅ ሲያደርገው እግሯ ሥር የተበጠሰ ማተብ ወድቆ አየሁ። ቀጥሎ ሻንጣውን አየሁ። እጀታው ላይ ቀይ ቅዳጅ ታስሮበታል።

አለቃ ጀመሩ። ማተቧን በጥሳ በወርቅ ስለለወጠች ሴት ነው። ወርቁን በአንገቷ አሰረችው፣ ወርቁ በየቀኑ እየከበደ አንገቷን ወደ መሬት ጎተተው፣ በመጨረሻ ቀና ብላ ሰማይ ማየት ተሳናት። ተረቱ ያማረ ነበር፤ የሚያበሽቀኝ እሱ ነው። አንጀቴ እያረረ እንኳን ቀጥሎ ምን ሆነች ብዬ እጠብቅ ነበር። ከዚያ ግን ተነሣሁ። ኮሌታዬን ገልጬ ሁለቱንም ክሮች ይዤ ጎተትኩ።

«አለቃ፣ እናቴ አልበጠሰችም። ተፈቶ ነው የሰጠችኝ፤ ይኸው።»

አለቃ አንገቴን አዩ፣ ሥዕላቸውን አዩ። ይህኔ «ልጄ፣ ተሳስቼ ነው» ቢሉኝ ኖሮ ዛሬ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

«ተረት እኮ ነው፣ ልጄ። የአንቺን እናት ማን አነሣ?» አሉኝ።

ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይላሉ። ያኔ ነው የተማርኩት፤ ነገርን በምሳሌ የሚናገር ሰው እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ምሳሌ ነው ብሎ ይወጣበታል። ቀይዋ ቅዳጅ የእኔ ቀሚስ ናት፤ ለብሼው ያደግኩት። ከፍሙ ዳር የጠፋ ከሰል አነሣሁና ወደ ሥዕሉ ሄጄ፣ ማንም ሳይዘኝ፣ እናቴ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን ሣልኩላት።

በጎን የተሣለ ፊት ግን ለሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም። ዓይኑ ጉንጯ ላይ አረፈ። እናቴን ላድን ብዬ ጭራቅ አደረግኳት። ልጆቹ ሳቁ፤ ልጆች ናቸው፣ አልፈርድባቸውም። ከሰሉን ወርውሬ ወጣሁ።

እትዬ ፋጡማ ገና ከበር ስገባ እጄን አየችው፣ ጥቁር ነው፤ ፊቴን አየችው፣ እሱም ጥቁር ነው። ሁሉንም ነገርኳት። አብሽሪ፣ አይዞሽ ብላ አጠበችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ግን ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ እጄን ይዛ አለቃ ደጅ ቆመች። አልገባችም፤ ግቢ ቢሏትም አልገባችም። እዚያው ደጃፍ ላይ ሆና ተናገረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ እኔ ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«አለቃ፣ ጥቁሩን ልብስ ያለበስኳት እኔ ነኝ። ሰዓዳም የሞተችው ልጄ ስም ነው፤ አንጀቴን ቆርጬ ነው የሰጠኋት። ክሩንም በዚህ በጥርሴ ነው የፈታሁት። ጥፋት ከሆነ ከአጠገቧ እኔንም በአንድ ዓይን ይሣሉኝ።»

አለቃ አንገታቸውን ደፉ። ፋጡማ፣ የሥዕል ሕግ ነው፣ እኔ ያመጣሁት አይደለም አሉ። ብዙዎቹ እንደ ወጡ ሃይማኖታቸውን ረስተው ቀርተዋል፣ ልጆቹን ላስጠነቅቅ ብዬ ነው አሉ። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። እትዬ ፋጡማ ግን እጄን ጨበጥ አደረገችና እንዲህ አለቻቸው፦

«ይህችን ልጅ ወደ እርስዎ የላክኋት ሃይማኖቷን እንዳትረሳ ነው። እናቷን እንድትረሳ አይደለም።»

ተመለስን። ከዚያ በኋላ ምሽት ምሽት እትዬ ፋጡማ ቤት ተቀምጬ የልጆቹን ሳቅ ከሩቅ እሰማ ነበር። ተረቱ ይናፍቀኛል፤ መናፈቄ ደግሞ ያናድደኛል። በሆሣዕና ሰሞን አለቃ ልጅ ላኩብኝ፣ ትምጣ ብለዋል ተባለ። አልሄድም አልኩ። ሽማግሌ ሲጠራ እምቢ አይባልም ብላ እትዬ ፋጡማ ገፍታ ላከችኝ።

ልጆቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። አለቃ ያንኑ አቡጀዲ ዘረጉ። የከሰሉ ዓይን ጠፍቷል፣ በጥንቃቄ አንሥተውታል። ሴትዮዋ እንደ ድሮዋ በጎን፣ በአንድ ዓይን፣ ከነሻንጣዋ አለች። በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ግን አዲስ ሰው ተጨምሯል፤ ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ ሽማግሌ፣ ብሩሽ በእጁ፣ ፊቱ በጎን። አፍንጫው የአለቃ አፍንጫ ነው። አንድ ዓይን።

«አሁን ቁጠሩ» አሉን።

ማንም አልጮኸም። ከልጆቹ አንዷ አለቀሰች። አለቃም ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ በፋኖሱ ብርሃን አየሁት። በሰፈሩ ወሬው ያን ሰሞን እንደ እሳት ተዛመተ፤ አለቃ መንበሩ ራሳቸውን ከኃጥኣን ጋር ሣሉ ተባለ፣ ምን ዓይነት ትሕትና ነው ተባለ፣ ቄሶቹ እንኳ መጥተው አዩት።

እኔስ? እኔማ ይባስ ተቃጠልኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ምን እንዳቃጠለኝ በቃል መናገር አልችልም ነበር። አሁን እችላለሁ። እሳቸው አንድ ዓይና እንዲሆኑ ማን ለመናቸው? እኔ የፈለግኩት እናቴ ሁለት ዓይን እንዲኖራት ነው። ለእሷ አንድ ከመጨመር ይልቅ ከራሳቸው ላይ አንድ መቀነስ ቀለላቸው። ሲቀንሱም ሰው ሁሉ አጨበጨበላቸው፤ እናቴ እዚያው ባለችበት ቀረች። ከዚያ ምሽት በኋላ እግሬ ያን ደጅ አልረገጠም።

አለቃ እኔ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ ነበር፤ አለቀስኩም፣ አልክድም። ያች አቡጀዲ የሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተሰቀለች፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ተጠቅልሎ፣ የሚታየው ሴትዮዋና ሠዓሊው ብቻ ነው።

እናቴ የመጣችው ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነው። ከደሴ በመጣው አውቶቡስ ወረደች፤ ከስታለች፣ እጆቿ በሳሙናና በኬሚካል ተልጠዋል። እኔ ልታቅፈኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ከመሳሟ በፊት ኮሌታዬን ገለጥ አድርጋ አንገቴን ዳሰሰች። ሁለቱንም ክሮች አገኘቻቸው። ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ፍቺልኝ አለችኝ። ቋጠሮው እንደ ድሮው ጠጥሮ ስለነበር እኔም እትዬ ፋጡማ በጥርሷ ስትፈታ ያየሁትን አደረግሁ፤ እትዬ ፋጡማ ራሷ የተከፋች መስላ ጥርስ ያለኝ እኔ እኮ ነኝ ብላ እያሾፈች አጠገባችን ቆማለች። እናቴ መናኸሪያው መሀል፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ፣ ማተቧን አሰረች።

ከዚያ ንስሐ ገባች። የታዘዘችውን ጾመች፣ ሰገደች፣ አንድም ቀን አላማረረችም። እሑድ እሑድ እኔን ይዛ ሰንበት ትምህርት ቤት ትመጣና ከኋላ፣ ሥዕሉ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። አይታው ይሆን፣ ሻንጣውን አውቃው ይሆን ብዬ ስንት ጊዜ አሰብኩ። መጠየቅ ግን አልቻልኩም።

ዛሬ አስተማሪ ነኝ። እሑድ ደግሞ ለሕፃናት ተረት በሥዕል አወራለሁ። ሥዕል ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ ንዴት ነው። ጉንጭ ላይ ያረፈችው የከሰል ዓይን የመጀመሪያ ሥራዬ ናት፤ ከዚያ በኋላ ፊት ለፊት የሚያይ ፊት እስኪሆንልኝ ድረስ ደብተሬን፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ፣ የእትዬ ፋጡማን በር ሳይቀር አጥቁሬዋለሁ።

በቅርቡ ሀብታሙ መጣ። ያ ፋኖስ ያዡ ልጅ ዛሬ ዲያቆን ነው፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ፤ ጥሩ ሰው ነው። የአለቃን ተረት በሥዕል መጽሐፍ አድርገን ለወረዳው ልጆች ልናሳትም ነው፣ ሥዕሎቹን አንቺ ሥሪልን አለኝ። ርእሱም ተመርጧል፤ «ትሑቱ ሠዓሊ»። አለቃ ራሳቸውን ዝቅ ያደረጉባትን ያችን ምሽት እያስታወሰ ፊቱ በራ። ፋኖሱን ይዤ እኮ ነበር አለኝ። ሴትዮዋስ አልኩት። የቷ ሴትዮ አለኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ካስታወሰ በኋላ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እሷማ እንዳለች ትሁን። የእሷ ኃጢአት ከሌለ የእሳቸው ትሕትና ከየት ይመጣል?»

ሴትዮዋ ስም አላት፣ ሙሉነሽ ትባላለች፣ እሑድ እሑድ ሰላም የምትላት ናት አልኩት። ደነገጠ። ደንግጦም ያችኑ የአለቃን ቃል መልሶ አመጣት፤ ተረት እኮ ነው አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጠብቄ ያችኑ ቃል! ለልጅ ስለ እግዚአብሔር በሥዕል ስንነግር እኮ ልጁ ሥዕሉን ያምነዋል። ከዚያ አዳራሽ ከሚቀመጡት ልጆች የስንቱ እናት ዛሬ ቤይሩት ናት፣ የስንቱ ጂዳ? ያን መጽሐፍ ገልጠው የእናታቸውን ጥቁር ልብስ ሲያዩ ምን ብለው ነው የሚጮኹት? ይህን ሁሉ አልኩት። እሥላለሁ፣ ግን እኔ እንደማውቀው ነው የምሥለው፣ ካልፈለጋችሁ አታትሙት አልኩት።

ከአለቃ ቤት ብዙ ነገር ቀርቶልኛል። የገበሬው ተረት ቀርቶልኛል፤ ወፎቹን በጣቴ ጫፍ ነው የምሥላቸው፣ እንደ እሳቸው። የሙጫው ሽታ ዛሬም ተረቱን ያስናፍቀኛል። ዓይን መቁጠርም አልተወኝም። አንድ ብቻ የታየኝ እንደሆነ ግን፣ ፊቱን ወደዚያ ያዞረው ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ንዴቱም አብሮኝ አለ፤ ይለቀኝ ብዬ አልጸለይኩም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናቴንና እትዬ ፋጡማን ደጃፍ ላይ፣ ብርሃኑ ካለበት አስቀመጥኳቸው። ልሥል የፈለግኩት ያንን የመሄጃዋን ጠዋት ነው፤ እትዬ ፋጡማ ከኋላ ሆና ክሩን በጥርሷ ስትፈታ። የሁለቱም ሁለት ሁለት ዓይን እንዲታይ እንዴት እንደማደርግ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። እትዬ ፋጡማ አሁን አርጅታለች፤ ያኔ የነበረኝን ጥርስ ነው የምትሥዪልኝ፣ የዛሬውን እንዳትሥዪ ብላ አሳቀችን።

እናቴ በርጩማው ላይ ተመቻቸች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ማተቧን ከቀሚሷ ውስጥ አወጣች፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

«እማ፣ ምነው?»

«እንዲህ አይደል የምሣለው?» አለች። በድምፅዋ ቅሬታ እንኳ የለም። በርጩማው የት ይሁን ብላ የጠየቀች ነው የሚመስለው።

አይታው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት፣ እሑድ እሑድ፣ ሥሩ ተቀምጣ አይታው ነበር፤ ልክ ነው ብላም ተቀብላው ነበር። ከሰል ይዤ የተነሣሁበት ያ ንዴት እንዳለ መጣ፤ እርሳሱን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። እትዬ ፋጡማ አብሽሪ አለች፤ ለእኔ ይሁን ለእናቴ አላውቅም። ሄጄ እናቴ ፊት ተንበረከክሁ፣ አገጯን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ እኔ መለስኩት። አንገቷ እንደ በር ማጠፊያ እምቢ ብሎ ነበር፤ በመጨረሻ መጣ። ዓይኗን ሰበረች፤ ጠበቅኳት። ቀና አለች።

በልጅነት ድምፄ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ።

«አንድ። ሁለት።»